የሙሾ ትምህርት በኢስትሊ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፣ አንዱ ገጽ ላይ የማንዳዚ፣ የዚህ አገር ቦምቦሊኖ፣ ዘይት ጠብ ብሎበት አገኘሁ። ወረቀቱ ዘይቱ በነካው ልክ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ደግሞ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚጠበሰውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ከዘይቱ ጎን ልጁ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መልሱን አስፍሯል። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው የሚለው፦ "ሜታፎር ማለት 'እንደ' የሚለው ቃል የወጣለት ሲሚሊ ነው።" አማርኛ የተማራችሁ ተለዋጭ ዘይቤ እና ተነጻጻሪ ዘይቤ ትሏቸዋላችሁ።

ትክክል ልሰጠው ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ስህተት ነው እንዳልለው መጽሐፉም እንዲሁ ይላል። እኔ ራሴ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በዚሁ መልስ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ። አስተማሪያችን ሰሌዳውን በአራት አምድ ከፍሎ ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን (ሰውኛ)፣ ሃይፐርቦሊ (ግነት) ብሎ ጽፎልን ነበር፤ እኔ አራቱንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣቸው ነበር። ታዲያ ፈተናው አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት አሮጊት ደረጃ ላይ አስቀምጠው እንደገና አስተማሩኝ። ይኸውላችሁ፣ ዛሬም ድረስ ይገርመኛል።

ያኔ የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ ከታች ካሉት ሞሎች በአንዱ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ አባቴ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እዚያው የሌላ ሰው ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመስጊዱ አዛን ገና ጸጥ ከማለቱ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አምስት ሐበሾች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል።

እኔ የናይሮቢ ልጅ! ጎሕ ሳይቀድ ነጠላ ዘቅዝቆ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ነገረኝ? ፊቴ በርቶ "ካሪቡኒ!" አልኳቸው። "ግቡ፣ ግቡ! ሶዳ ላምጣላችሁ?" አንዷ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አብረዋት የመጡት ሽማግሌ መሬት መሬት አዩ። ዛሬ ሳስበው እፍረቱ አሁንም ጆሮዬን ያግለዋል።

እናቴ ከኋላዬ መጣች። ማበጠሪያው እጇ ላይ ነበር። አንድ በአንድ አየቻቸውና "ማን?" አለች።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፤ አባትሽ አርፈዋል" አሏት ሽማግሌው።

ሴቶቹ እሪ ሲሉ ሕንጻው ሁሉ ነቃ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። "እሺ፣ ግቡ" አለች። "ጫማችሁን አታውልቁ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል።"

ያን ቀን ሶፋውን ኮሪደር አውጥተን ፍራሽ አነጠፍን። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ወተት ሻይ በትልቅ ፔርሙዝ ላከችልን፤ የእድሩ ሴቶች ሽሮና ምስር ይዘው መጡ። ቤቱ በሰው ትንፋሽና በሻይ ቅመም ሽታ ሞላ። ለቀስተኛው ተቀምጦ ባለለቅሶዋ ታስተናግዳለች! ትሪ ይዛ ትዞራለች፣ "ስኳር ይጨመር?" ትላለች። "ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጪ" ሲሏት ትቀመጥና መልሳ ትነሳለች። በማግስቱ ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አለች አንዷ፣ እንድሰማት ብላ ይሁን ሳታየኝ እንጃ።

ሐሜቱስ ይቅር። እኔን ያስፈራኝ እናቴ ራሷ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ጎኗን አላሳረፈችም። መንጋጋዋን ነክሳ የያዘችው ነገር ነበር፤ ለእኔ ስትናገር እንኳ ጥርሷ አይላቀቅም። ለቅሶ የሚቀመጡት ሦስት ቀን ነው። ሣልስቱ አልፎ ሰው ከተበተነ፣ እናቴ እንዲሁ ደርቃ ትቀራለች፣ ዳግመኛም የበፊቷን እናቴን አላገኛትም ብዬ ፈራሁ።

ነገሩ የቆየ ቂም ነው። ቁርጥራጩን እየለቃቀምኩ ያወቅሁት ነገር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አልነገረችኝም። እናቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ከአባቴ ጋር በሞያሌ በኩል ጠፋች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አያቴ ይህን ሲሰማ ሰው በተሰበሰበበት "ከእንግዲህ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም" አለ። ቃሉ ናይሮቢ ድረስ መጣላት። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። በበዓል በበዓሉ ለአክስቴ ለታናሽ እህቷ ትደውላለች፤ አያቴ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲያስል ይሰማናል፤ አንድም ቀን "አቅርቢልኝ" አላለችም፣ እሱም "ስጪኝ" አላለም። ሁለቱም ጉደኞች ነበሩ።

በእድሩ ውስጥ ሁሉም እማማ የሚሏቸው በርበሬና ሽሮ ሻጭ ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ አልቃሽ ነበሩ፤ ሙሾ ሲያወርዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ ይባላል። (ይህ ግነት መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር፤ አራት ማርክ አግኝቼበታለሁ።) ልማዱ እንዲህ ነው፤ አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ባለለቅሶውን ትጠይቃለች፤ ሟቹ ምን ይሠራ ነበር፣ ማንን ይወድ ነበር፣ ምን ምን ይል ነበር ብላ። እማማም እናቴን ጠየቋት። እናቴ ምን ብትመልስ ጥሩ ነው? "ሰው ነበረ፣ ሞተ። ሻይ ላምጣልዎ?"

ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።

"እማማ፣ ዝም ብለው ያውርዱላት በቃ" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ሙሾ ያለ ሰውየው ይወጣል እንዴ? ሰውየውን ስጪኝ።"

አያቴን አይቼው አላውቅም። አንድ ፎቶና ያንን ሳል ነበር የማውቀው። ግን የአራት አምድ ሊቅ አይደለሁ? "እንደ አንበሳ ጀግና ነበር" አልኳቸው።

"ሲያገሳ ሰምተሽዋል?"

"አልሰማሁም።"

"አንበሳ ለሟች ሁሉ ይሰጣል ልጄ። ባለፈው ወር ለዚያ ለልብስ ሰፊው ሰጥተነዋል። ነገ ለእኔም ያውሱኛል። ሰውየው የታለ?"

አላፈርኩም፤ ቀጠልኩ። "ሲሞት ሰማይ ምድሩ ተናወጠ።"

"ኧረ ባክሽ!" አሉ፣ ሳቃቸው አምልጧቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። "ሰማይ ምድሩ ተናውጦ እናትሽ ስኳር ትጨምራለች? ሰው እንዳይስቅብን! ሂጂ፣ የሚያውቀውን ሰው ጠይቂ።"

ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት ላይ ወጥቼ ለአክስቴ ደወልኩ። ከታች የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲው፣ ጡሩምባ ይጮሃል፣ ፀሐይዋ የተሰጣውን አንሶላ ሁሉ አሙቃው የሳሙና ሽታ ይተናል። አክስቴ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። አያቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ንገሪኝ አልኳት። መጀመሪያ ሁሉም የሚለውን አለች፤ ደግ ነው፣ ቁጡ ነው። ከዚያ ስለ ወንዙ ነገረችኝ።

በእነሱ መንደርና በትምህርት ቤቱ መካከል ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ ይሞላል። ድልድይ አልነበረውም። አያቴ ጠዋት ጠዋት ሱሪውን ሰብስቦ ይገባና ተማሪዎቹን አንድ በአንድ በጀርባው እያዘለ ያሻግር ነበር። መጀመሪያ የሚያዝለው እናቴን ነው። ደብተሯ እንዳይርስ እራሱ ላይ ያስቀምጥላታል። "ለዚህ ነው ትምህርቱን ጥላ ስትሄድ ያበደው" አለችኝ አክስቴ።

"ከሄደች በኋላስ?"

"እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነበር" አለች። "እንግዲህ መሐላው አብሮት ይቀበር። ከሄደችም በኋላ ማሻገሩን አልተወም። ጉልበቱ ከድቶት፣ በዱላ እየሄደ፣ የሰው ልጅ ያሻግራል። 'ተው እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ወንዙ ይወስድሃል፤ ለማን ልጅ ብለህ ነው?' ሲሉት ምን ይል ነበር መሰለሽ? 'የኔዋ ማዶ ናት' ይላል።"

"ትምህርት ቤቱ ጋ ማለት ነው?"

"ትምህርት ቤቱ ጋ ማን አለው? ናይሮቢን ነዋ! እናንተን ነዋ!"

እናንተ፣ ሰውነቴ ሁሉ ውርር አለኝ። ያ የሚያስለው ሽማግሌ፣ እኛ ያለንበትን ከተማ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ካርታ ላይ አሳየን ቢሉት እንኳ የሚያገኘው አይመስለኝም። ግን የት እንዳለን ለራሱ ተናግሮታል፤ ሞያሌንና በረሃውን ሁሉ አንድ ወንዝ አድርጎታል። ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

ሮጬ ወርጄ ኩሽና ያለችውን እናቴን "እማዬ፣ አያቴ እኮ ይወድሽ ነበር" አልኳት። የሰማሁትን ሁሉ ልዘረግፍላት ነበር። ዞራም አላየችኝ፣ ብርጭቆ ታጥባለች። "በለቅሶ ቤት ሟች ሁሉ ደግ ነው" አለች። "ሊያጽናኑሽ ነው። ያንን ፎጣ አቀብዪኝ።" ቀሪውን ትቼ ፎጣውን አቀበልኳት። እውነት ተናገርኩ እኮ! ግን እውነቱ እንደተናገርኩት ከእጇ ላይ በውሃው ተንሸራቶ ወደቀ።

እማማን ፍለጋ ወጣሁ። በርበሬያቸው ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸውና የአክስቴን ወሬ በሙሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። እኔ ግን ማርክ ፈላጊ ነኝ፤ ወሬውን አስጊጬ ልስጣቸው ብዬ "ሲሞት ወንዙ ራሱ አለቀሰ ይበሉ" አልኳቸው።

"ያምራል" አሉ። "ግን ወንዙ ምን አገባው? ወንዙ ካለቀሰላት እናትሽ ምን ቀራት? ከሱ ጋር የተዋዋልነው የለም፤ ሌላ አምጪ።"

"እሺ፣ እንደ ድልድይ ነበር።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "አሁን መጣሽ። ግን ያ 'እንደ' ምን ይሠራል?"

"ያው… ሰው ነዋ፤ በእውነት ድልድይ አልነበረም።"

"ተሸክሟታል?"

"አዎ።"

"ያለሱ ትሻገር ነበር?"

"አትሻገርም።"

"ታዲያ ድልድይ ነዋ! ምን ታስመስይዋለሽ? ይኸውልሽ ልጄ፤ 'እንደ ድልድይ' ስትዪ አንድ እግርሽ ገና ዳር ላይ ነው፣ ካልጣመሽ ትመለሻለሽ። 'ድልድይ ነው' ካልሽ ግን አለቀ፣ ቆመሽበታል። ሲፈርስ አብረሽ ትወድቂያለሽ። ሙሾ የሚፈልገው ወዳቂ ነው።"

ይህንን ለዚያ ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ እንዴት አድርጌ ልጻፍለት? 'እንደ'ን ማውጣቱማ ምን ችግር አለው፤ 'አያቴ አንበሳ ነበር' ብልም 'እንደ' የለበትም። ግን አንበሳው ማንንም በጀርባው አላዘለም። ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ ስለ ዘይቤ የተጻፈ ሲገኝ አላልፍም፤ በርበሬ የነካ እጃቸውን እያራገፉ እማማ የነገሩኝን የሚያህል አላገኘሁም።

በሣልስቱ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የቆመውም የተቀመጠውም ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ በመጋረጃው ገብቶ የሰዉን ሁሉ ፊት ቢጫ አድርጎታል። እናቴ በስንት ልመና ተቀምጣ ቀጥ ብላ ግድግዳውን ታያለች። እማማ ከመሐል ተነሱ። ነጠላቸውን አሸረጡ። እናቴን አላዩዋትም፤ ማንንም አላዩም። ያ በገበያ የማውቀው ሻካራ ድምፃቸው የት እንደሄደ እንጃ፣ ከሆዳቸው ሥር ሌላ ድምፅ ወጣ፦

"በጀርባው ያዘለኝ፣ ድልድዬ ፈረሰ፤
ማዶ ማዶ እያየ፣ ዕድሜውን ጨረሰ።"

ሰው ወሬውን አያውቅም፣ ወንዙን አያውቅም፤ ግን አንድ ነገር እንደተነካ ሁሉም ገባው። እናቴ ዓይኗን ከግድግዳው ነቀለች።

"ማነው የነገረዎት?" አለች። እንደ ክስ ነበር አነጋገሯ። "'ማዶ ማዶ እያየ' ያለዎት ማነው?"

እማማ በንግግር አልመለሱላትም።

"ልጅ የለኝም ቢልም፣ ለሰው ተናግሮ፤
ልቡ ማዶ ኖረ፣ ወንዙን ተሻግሮ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እውነት ነው ወይ ይለኛል። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ "ሲጠይቁት 'የኔዋ ማዶ ናት' ይል ነበር" አልኳት። "አክስቴ ነገረችኝ።"

"አባዬ!" አለች።

ያንን ድምፅ ከእናቴ ሰምቼው አላውቅም። የሴት ልጅ ድምፅ ነበር፣ የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ። በሁለት እጇ አየሩን ቧጠጠች፣ የሆነ ትከሻ የምትፈልግ ትመስላለች፣ ከዚያ በግንባሯ ፍራሹ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት እሪ አሉ። ያቺ ስትተርት የነበረችዋ ሴትዮ ሳትቀር ደረቷን ትመታለች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልቅሶዬ ይልቅ መደነቄ ይበልጥ ነበር። አራት ስንኝ! አሥራ ስድስት ዓመት ተዘግቶ የኖረውን ነገር፣ በዚያ ብቻ አንዲት በርበሬ ሻጭ ከፈቱት። ፀጉሬ ቆሞ እማማን አያቸው ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ፈትተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ለጎረቤታቸው "እስቲ ያቺን ውሃ አቀብዪኝ" አሉ።

እማማ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት የስደተኝነት ፎርማቸው አልቆ ሩቅ አገር ወሰዷቸው፤ እዚያው አረፉ ብለውናል። ያወረዱትን ሙሾ አንዱንም አልቀዳሁትም። ስልክ እጄ ላይ እያለ! ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ከሣልስቱ በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሶፋውንም መልሰን አስገብተናል። እናቴ ሽሮ በላች። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ግን ጥርሷ ተላቆ ነበር። "ለስልኩ ክሬዲት ግዢልኝ" አለችኝ። ከታች ካለው ኪዮስክ ገዝቼ መጣሁ። ለአክስቴ ደወለችና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው?"

"እዚሁ ነው።"

"ስልኩን ሳትዘጊ መቃብሩ ጋ ሂጂልኝ።"

ጠበቅን። የአክስቴ ትንፋሽ፣ ጠጠር ላይ የምትረግጠው እርምጃ፣ የሆነ ሰው እግዜር ያጽናሽ ሲላት ይሰማናል። ከዚያ "ደርሻለሁ" አለች።

"አፈሩ ላይ አስቀምጪውና ራቅ በይልኝ፣ እህቴ።"

እኔም ልወጣ ተነሳሁ። እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"አባዬ" አለች። "እኔ ነኝ።"

ስልኩን በሁለት እጇ ከበበችው።

"ማዶ ነኝ። ደህና ተሻግሬያለሁ። ልጅ አለችኝ፤ ትማራለች።"

ከወዲያ በኩል ንፋስ ይሰማ ነበር፤ ራቅ ብሎ ደግሞ የልጆች ጫጫታ። እናቴ ስልኩን አልዘጋችውም። ክሬዲቱ አልቆ ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ፣ ሁለታችንም አዳመጥን።